ደግሞ ለውሻ ጆሮ!

«ደግሞ ለውሻ ጆሮ!»

ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰማሁት ይቺን ነው። ቡና ላይ ሰማኋት፣ ባጃጅ ውስጥ ሰማኋት፣ ፀጉሬን ስቆረጥ ሰማኋት። ባለ ሱቁ የዱቤ መዝገቡን እያገላበጠ «ለውሻ ጆሮ ቢሾፍቱ ድረስ?» ብሎ ሳቀብኝ (እሱስ ይሳቅ፣ ዱቤው አለብኝ)። ጎረቤታችን እማማ፣ እኔን በጀርባቸው አዝለው ካሳደጉኝ ሰዎች አንዷ ናቸው፣ ቦቢን ከበር ላይ ሆነው አዩትና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ «አንተ ልጅ! ሰው መድኃኒት አጥቶ በሚሞትበት ሀገር… ኧረ እግዜርን ፍራ!» አሉኝ።

እናንተም በልባችሁ ሳትሉ አትቀሩም። ግዴለም፣ መጀመሪያ ግን ስሙኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦቢ ወላይታ ሶዶ ያለው የግቢያችን ውሻ ነው። (በስሙ አትፍረዱብኝ፤ ሶዶ ውስጥ መንገድ መሃል ቆማችሁ «ቦቢ!» ብላችሁ ብትጣሩ የሰፈሩ ውሻ ግማሹ ዞር ይላል።) ዘሩን የሚያውቅ የለም፤ ያው «የሀበሻ ውሻ» የምንለው ነው። ወደ እኛ የመጣው ቡችላ ሳለ ነው፤ ሲመጣ ግን ጆሮ አልነበረውም። የሰጠን ሰውዬ ይሄንን እንደ ምርቃት አድርጎ ነበር የነገረን፦ «ጆሮውን አስቆርጬዋለሁ፣ ኃይለኛ ይሆንላችኋል።» እኛም «እግዜር ይስጥልን» አልነው። አዎ፣ አመሰገንነው!

መቼም ይሄን ልማድ ያላየ አይጠፋምና ልንገራችሁ። አንዱ ሰው የቡችላውን እግር ይይዛል፣ ሌላው አፉን በጨርቅ ያስራል፣ ሦስተኛው ጆሮውን ጎትቶ በምላጭ ይቆርጠዋል። ማደንዘዣ የሚባል ነገር የለም። ቁስሉ ላይ አመድ ይነሰነስበታል። የተቆረጠውን ጠብሶ መልሶ ለራሱ ለቡችላው ማብላት ነው የሚሉም አሉ፤ ያኔ ነው አሉ ልቡ የሚደነድነው። ለምን ይቆረጣል ስትሏቸው «ኃይለኛ እንዲሆን» ነው መልሱ። ጆሮና ኃይል ምን እንደሚያገናኛቸው ግን የሚነግራችሁ አታገኙም።

የቦቢን የግራ ጆሮ የቆረጠው እጅ እንደምንም ቆርጦታል። የቀኙን ግን ከሥሩ ነው የወሰደው፤ የጆሮውን ቀዳዳ አፍ ጭምር ነክቶታል። ቁስሉ ሲጠግግ ጠባሳው ቀዳዳውን ጨመደደው። የውሻ የጆሮ ቱቦ ደግሞ እንደ እኛ አይደለም፤ መጀመሪያ ቁልቁል ይወርድና ከዚያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። አፉ ሲጠብ ኩኩም እርጥበቱም እዚያው ታምቆ ይቀራል፤ ታምቆ የቀረ ነገር ደግሞ ይመግላል።

እናላችሁ ቦቢ ሁለት ዓመት ራሱን ሲያራግፍ ኖረ። ማታ ማታ ጆሮውን በግድግዳው ሲፈትግ እሰማዋለሁ። ሽታው ከበሩ ይቀበላችኋል። እኔስ ምን አደረግኩ? ዘይት አሙቄ ጨመርኩበት። የጨው ውሃ ጨመርኩበት። ከቤት የተረፈ የቴትራሳይክሊን ቅባት ጠቀጠቅኩበት። አንድ መድኃኒት ቤት (ስሙ ይቆየን) የከብት መድኃኒት ከነመርፌው ሸጠልኝ፤ እንስሳው ምንድነው፣ ስንት ኪሎ ይሆናል፣ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። መርፌውን ይዤ ስጠጋው ቦቢ እጄን ዘነጠለው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያ ውሻ ክትባት አልወሰደም ነበር። በሕይወቱ አንዴም! ለምን ቢባል የሚይዘው ሰው የለማ። እኔ እንኳን ባለቤቱ ራሱ አካባቢ እጄን ማድረስ አልችልም። እጄን በሳሙናና በውሃ ፈትጌ ታጠብኩና ጤና ጣቢያ ሄጄ መርፌ ጀመርኩ። ውሻውን ደግሞ አሥር ቀን አስረህ ጠብቅ አሉኝ፤ ሲነክስ በሽታው ኖሮበት ከሆነ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይለይለታል። አሥር ቀን ሙሉ በልቷል ወይ፣ ውሃ ጠጥቷል ወይ፣ ምራቁ ተዝረክርኳል ወይ እያልኩ ስሰልል ከረምኩ። በግቢያችን ውስጥ ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ሦስት ልጆች አሉ። በእነዚያ አሥር ሌሊቶች ያሰብኩት ስለ እጄ አልነበረም።

ሰፈሩስ ምን አለ? ሰፈሩ አደነቀው! «ባለቤቱን እንኳ አይምርም!» ተባለ። «ጆሮው በደንብ ስለተቆረጠ ነው» ተባለ። ከሁለት መንደር አልፎ ስሙ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቢሾፍቱ የሄድነው። ቢሾፍቱ ለምን? እዚያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ስላለ ከተማው የእንስሳት ሐኪም አያጣም በሚል ነው። መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አውቶቡስ ውሻ አይጭንም፤ የዘመድ ፒካፕ ለመንኩ። ስለ መንገዱ ብዙ አልልም፣ ቦቢ ሦስት ጊዜ አስመለሰው፣ እኔ አንዴ።

ያየው ሐኪም ጆሮውን በማስታገሻ አስተኝቶ ተመለከተና አንድ ነገር ነገረኝ። ቱቦው ተደፍኗል፣ ግድግዳው ከመቆጣት ብዛት ጠንክሮ እንደ አጥንት ሆኗል፤ ጠብታ ብታንጠባጥብለት የሚደርስበት ቦታ የለም። መፍትሔው አንድ ነው፦ ቱቦውን በሙሉ ቆርጦ ማውጣት፣ ከታምቡሩ በስተጀርባ ያለውን ትንሽ የአጥንት ክፍል ከፍቶ መግሉንና ሽፋኑን ጠርጎ ማውጣት፣ ከዚያ ቆዳውን መዝጋት። በዚያ ጆሮ መስማት አብቅቷል ማለት ነው (ድሮም ብዙ አይሰማበትም)። አደገኛው ነገር ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በቱቦው ሥር ተጠምጥሞ ማለፉ ነው፤ ትንሽ ከተጎተተ ዓይን አልከደን ይላል፣ ከንፈር ይንጠለጠላል። «ከባድ ኦፕራሲዮን ነው» አለኝ ሐኪሙ። ቀጥሎ የጠየቀኝን ግን እስካሁን አልረሳሁትም፦ «ጆሮውን ማን ነው የቆረጠው?»

ስለ ማገገሙ ልንገራችሁ፤ ሰዉ ሁሉ የሳቀው እሱ ላይ ነውና። ሰፌዱን እንዳይቧጥጥ ማለቴ ስፌቱን እንዳይቧጥጥ (እንቅልፍ ካጣሁ ቆይቷል፣ ይቅርታ) አንገቱ ላይ የሚደረግ ቀፎ ያስፈልገዋል። ሶዶ ውስጥ የት አገኛለሁ? የፕላስቲክ ባልዲ ቂጡን ቆርጬ፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልዬ አጠለቅኩለት። የሰፈሩ ልጆች ወዲያው «ዲሽ» አሉት። «ዲሹ ስንት ቻናል ይይዛል?» የማይለኝ አላፊ አግዳሚ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከባድ ነበሩ። መንጋጋውን ሲከፍት ያመዋል፤ ዳቦ በወተት አርሼ፣ የአጥንት መረቅ አቀዝቅዤ በእጄ አጎረስኩት። ራሱ ወደ ቀኝ ዘመመ፤ ሲራመድ እንደ ሰከረ ሰው ግድግዳ ይደገፋል። የፈራነው ነርቭም አልቀረም፣ የቀኝ ዓይኑ አልከደን አለ። ለዓይኑ የታዘዘውን በየጥቂት ሰዓቱ ማንጠባጠብ ነበረብኝ፤ የማይከደን ዓይን ይደርቃል፣ የደረቀ ዓይን ይቆስላል። ከዳሞታ በኩል የሚወርደውን የሌሊት ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢዬን ለብሼ፣ የስልኬን መብራት በጥርሴ ይዤ፣ ለውሻ ዓይን ጠብታ ስጨምር ራሴም አንዳንዴ «ደግሞ ለውሻ…» ማለቴን አልክድም።

በአራተኛው ሌሊት ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ የሆነ ነገር ጎደለብኝ። ምንድነው ብዬ አዳመጥኩ። ፍተጋው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሌሊቱ የሰማሁት የግድግዳው ፍተጋ የለም። ቦቢ ተኝቷል።

በአሥረኛው ቀን አካባቢ ዓይኑ በትንሹ መከደን ጀመረ። በአሥራ አራተኛው ቀን እዚሁ ሶዶ ያለ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ግቢያችን ድረስ መጥቶ ስፌቱን አወጣለት። እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ቦቢ አልታሰረም። አፉም አልታሰረም። ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ፣ በዚያው በተቆረጠው በኩል፣ አስቀምጦ ክሩ አንድ በአንድ ሲወጣ ዝም ብሎ ተኛ። ያንን ጭንቅላት ለሁለት ዓመት ነክቼው አላውቅም ነበር። ሐኪሙ ክሩን ከጨረሰ በኋላ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ወጋው። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

እንግዲህ ወደ ጠቡ እንምጣ።

ሰፈራችን ለሁለት ዓመት ያደነቀው «ኃይለኝነት» የጆሮ ሕመም ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው። ምላጩ ጀግንነት አልሰጠውም፤ መግል ነው የሰጠው። ጥርሱ ታሞ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ጠዋት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች፣ ውሻው ለምን እንደሚናከስ ሊገባን አልቻለም። የሚያም ነገር ያለበት እንስሳ ሲነኩት ይናከሳል፤ ይሄን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም፣ ሐኪሞቹም የሚሉት ይሄንኑ ነው። አሁን ቦቢ ሌባ ሲያይ አይጮኽም ብላችሁ እንዳታስቡ። ይጮኻል! የጎረቤት ልጅ ሲያይ ግን ጭራውን ይቆላል። አንድ ጎረቤቴ ይሄንን አይቶ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «ውሻህን አበላሹብህ።»

ለመሆኑ እንስሳ መያዝ የማናውቅ ሕዝብ ብንሆን ባልገረመኝ። የወላይታን ሰንጋ የማያውቅ ማነው? በሬን በእጁ አጉርሶ፣ ስኳር ድንች ከትፎለት፣ አጥቦና አሻሽቶ፣ ወራት ሙሉ እንደ እንግዳ ተንከባክቦ የሚያደልብ ገበሬ እዚሁ አጠገባችን ነው። ያ ገበሬ በሬው ምግብ ሲቀንስ በዓይኑ ያውቀዋል። በሬው ይበልጥ እንዲወፍር ጆሮውን ልቁረጠው ቢባል ያበደ ነው የሚለው። እና ያ ሁሉ ዕውቀት ከበሬው በረት እስከ ውሻው በር ድረስ ያለችውን አሥር እርምጃ መሻገር ለምን አቃተው?

«ቅንጦት ነው» ትሉኛላችሁ። ይሄ ክርክር ክብደት አለው፤ አላጣጥለውም። እማማ ያሉት እውነት ነው፣ ሰው መድኃኒት ያጣል። የከፈልኩት ከአንድ ወር ደመወዜ ይበልጣል፣ ዱቤውም ገና አላለቀም። ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ያው ደመወዜ በየወሩ ቁርጥ፣ ቢራና የስልክ ካርድ ሲሆን «ሰው መድኃኒት አጥቶ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ድሃው ትዝ የሚለን ውሻ ሲታከም ብቻ ነው እንዴ? ሁለተኛ፣ ቅንጦት ካላችሁ ቅንጦቱ ምላጩ ነው። ማንም ሳያስፈልገው፣ ለማንም ሳይጠቅም፣ ለወሬ ተብሎ የተደረገው ነገር እሱ ነው። ኦፕራሲዮኑ የምላጩ ዕዳ ነው፤ እኔ ዕዳ ነው የከፈልኩት።

ደግሞም ነገሩ የቦቢ ጆሮ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በውሻ ንክሻ በሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በዓመት ወደ 59,000 ሰው ይሞታል ብሎ ይገምታል፤ የሚበዙት በአፍሪካና በእስያ ነው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው ከመቶ 99ኙ የሚመጣው ከውሻ ነው። አብዷል ተብሎ በሚጠረጠር ውሻ ከሚነከሱት ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ይሄ ሁሉ ደግሞ ክትባቱ ላለው በሽታ ነው! ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ያዳነው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። እኛ ጋ አንድ ትውልድ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀውን፣ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋውን ክትባት ያስታውሳል፤ አባቶቻችን ሲያወሩት አሁንም ሆዳቸውን ይይዛሉ።

በሽታውን ከሰው ለማጥፋት ሰውን ሁሉ መከተብ አያስፈልግም፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70ውን መከተብና እዚያው ማቆየት ዋነኛው ነገር ነው። ዓለም አቀፍ ድርጅቶቹ እ.ኤ.አ. በ2030 በውሻ ምክንያት በእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ግብ አስቀምጠዋል። ጥሩ! ግን ክትባት የሚሰጠው በመርፌ ነው፣ መርፌ የሚወጋው ደግሞ የሚያዝ ውሻ ነው። ከታቢው በር አንኳኩቶ «ውሻውን ያዙልኝ» ሲል ባለቤቱ «ኧረ እኔም አልነካውም!» ብሎ በኩራት ከመለሰ፣ መቶ ሺህ ብልቃጥ ክትባት ቢመጣ ምን ይረባል? እኛ እኮ በምላጭ፣ በአጭር ሰንሰለትና በድንጋይ ማንም የማይነካው ውሻ ስናመርት ነው የኖርነው። ማንም የማይነካው ውሻ ማንም የማይከትበው ውሻ ነው። የኔው ቦቢ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነበር፤ ከሦስት ሕፃናት ጋር አንድ ግቢ ውስጥ! ጥፋቱ የኔ ነው፣ የማንም አይደለም።

ከዚያ ውሻው ሲበዛና ሲያስፈራ መፍትሔው ምን ይሆናል? በብዙ ከተሞቻችን ስትሪክኒን የተነከረ ሥጋ በሌሊት መበተን ነበር። ውሻው ጡንቻው ተወጥሮ፣ ትንፋሹ እስኪቆም ድረስ አእምሮው ሳይጠፋ ነው የሚሞተው፤ ልጆች ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሬሳው ላይ ይራመዳሉ። ጥቅሙስ? ሉካንዳውና ቆሻሻው እዛው እስካለ ድረስ የሞቱትን የሚተኩ፣ ያልተከተቡ ሌሎች ውሾች ይመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም መግደል በሽታውን አያቆምም ካለ ቆይቷል። እንደ ሶዶ ባለ የቁርጥ ከተማ፣ በየሉካንዳው በር አጥንት በሚጠበቅበት ከተማ፣ ውሻ ገድሎ መጨረስ ዝናብን በባልዲ መከላከል ነው። (ባልዲ ለሌላ ሥራ ይሻላል፣ ቦቢን ጠይቁት።)

አቅም የለንም የምትሉኝም አትጠፉም። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እዚህ ነው፣ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው። የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪም ከተማችን ውስጥ አለ። ከተማችን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። የከብት ሐኪም የማያውቅ አርሶ አደርም የለም። የቦቢን ስፌት ያወጣው ወጣት ምን አለኝ መሰላችሁ? «ትምህርት ላይ ስለ ውሻ ብዙ ተምረናል። ሥራ ላይ ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው ያጣነው።» እውነቱን ነው። እኛ ውሻውን ይዘን ካልሄድን እሱ ማንን ያክም? መድኃኒት ቤቱስ ለምን የውሻ የጆሮ ጠብታ ያምጣ? ቢሾፍቱ ድረስ ያስኬደኝ የሐኪም እጥረት ብቻ አይደለም፤ ሁለት ዓመት መዘግየቴ ነው። ቡችላ ሳለ፣ ቁስሉ ገና እርጥብ ሳለ፣ እዚሁ ቢታይ ኖሮ ቱቦው ባልተደፈነ።

አሁን ደግሞ የኛን ትውልድ ልንካ። እማማን ብቻ መውቀስ ነውር ነው፣ እሳቸው ከወላጆቻቸው የሰሙትን ነው የሚሉት። እናንተ ግን? ቴሌግራም ላይ የቡችላ ሽያጭ ቻናል የምትከታተሉ፣ ጀርመን ሼፐርድ ነው ተብሎ የተሸጠላችሁን ክልስ ይዛችሁ ፎቶ የምትነሱ፣ «ጆሮው ቢቆረጥ ያምርበታል» እያላችሁ ኮሜንት የምትጽፉ? ምላጩን ከገጠር ልማድነት አውጥታችሁ ፋሽን አደረጋችሁት እኮ! ፊልም ላይ ያያችሁት ጆሮው የቆመ ዶበርማን ሲወለድ እንደዚያ አይደለም፤ ጆሮው እንደ ቅጠል የወደቀ ነው፣ ለውበት ተብሎ ተቆርጦ ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው የቤት እንስሳት ስምምነት ይሄንን የውበት ቆረጣ ከልክሎታል። «ፈረንጅ ስለከለከለ ነው እንዴ?» ካላችሁኝ፣ ተዉት ፈረንጁን፤ የበሬ አድላቢውን ገበሬ ጠይቁት።

ይሄን የጻፍኩት ዝም ብሎ ለማማረር አይደለም። የእማማ ውሻ ከአምስት ሳምንት በፊት ወልዳለች፤ ስድስት ናቸው፣ አንዱ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ አለው። ቅዳሜ የሚመጣ ሰው ተነግሮታል። ምላጩን ይዞ ይመጣል።

ትናንት ቦቢን በገመድ ይዤ እሳቸው በር ሄድኩ። ባልዲው ወልቋል፤ ራሱ ገና ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። «እማማ፣ እስቲ ይንኩት» አልኳቸው። «ወግድ! እሱን ነካሽ?» አሉ። ቆይተው ግን እጃቸውን ዘረጉ። ጆሮው የነበረበትን፣ አሁን ፀጉር ማብቀል የጀመረውን ጠባሳ በሁለት ጣታቸው ዳበሱት። ቦቢ ዓይኑን ከደነ፤ የቀኙንም ጭምር።

«ያኔ ሲነክስ የነበረው ይሄ ነው?» አሉኝ።

«እሱ ነው።»

ቡችሎቹን ዞር ብለው አዩና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እስቲ ቅዳሜ ይምጣና እናያለን» አሉ።